ብሩ መግባቱን ገበሬው በምን ይወቅ? (ከደምበጫ እህል ገበያ)

የእህል ነጋዴ ልጅ

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖች። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሡኝ።

አባቴ ደምበጫ ላይ እህል ይገዛል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። ያኔ ክፍያው ቀላል ነበር። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪሎው ይነገራል፣ አባቴ ብሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ይቆጥራል። ገበሬው ተቀብሎ ደግሞ ይቆጥራል። አጠገቡ ያለ ሰው ሦስተኛ ይቆጥርለታል። ከዚያ ብሩ ኩታ ጫፍ ላይ ይቋጠርና ሁሉም ወደ ቤቱ።

አሁን ብዙው ክፍያ በስልክ ሆኗል። እኔ ራሴ ነኝ አባቴን የገፋፋሁት። በአንድ የገበያ ቀን ያን ሁሉ ብር ተሸክሞ መዋሉ ያስፈራኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ገጠመን። አንድ አባት መጋዘናችን በር ላይ መጡ። የድሮ ደንበኛችን ናቸው። በገበያው ቀን ለእኛ አልሸጡም። አንድ የማይታወቅ ገዥ በኩንታል 200 ብር ጨምሬ ልውሰድ ሲላቸው ሁለት ኩንታል ማኛ ጤፍ ለእሱ ሰጡ። የማንም መብት ነው፣ ቅር አላለንም።

ስልካቸውን ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አወጡ። በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ፌስታሉ በላስቲክ ታስሯል። የቁልፎቹ ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ፣ ባንክ ቤት ሄጄ የለም አሉኝ» አሉኝ።

አነበብሁት። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል። ወደ ሒሳብዎ ይህን ያህል ብር ገብቷል ይላል። የፊደል ግድፈት እንኳ የለበትም። የላኪውን ስም ሳይ ግን የባንክ ስም አይደለም። በ09 የሚጀምር የሰው ስልክ ቁጥር ነው። ደወልሁበት፣ ዝግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ገዥው ፊታቸው ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ቆየና «ላክሁልዎ አባቴ፣ ይኸው ደረሰዎ» አላቸው። በዚያው ቅጽበት ስልካቸው ጮኸ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ጩኸቱን ሰምተው ጤፋቸውን አስጫኑ።

የዚያን ቀን አባቴ ምሳ አልበላም። «በእኔ ጊዜ ገበሬ ብሩን ሳይዝ እህሉ ካጠገቡ አይነሣም ነበር» እያለ ዋለ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ብሩ መግባቱን በምን ይወቅ? በእናንተ ገበያ ምን ታደርጋላችሁ? እግረ መንገዳችሁን ይህ የስልክ ኑሮ ሥራችሁን እንዴት እንደለወጠው ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የእኛ ቤት ብቻ አይመስለኝም።

ባንክ ቤት ያለሁ

ወንድሜ፣ አባትን በጣም አዘንኩላቸው። ፍኖተ ሰላም ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ሰው መስኮቴ ላይ ሲመጣ የሚያስጨንቀኝ «የለም አባቴ» የምለው እኔ መሆኔ ነው።

መጀመሪያ አስቸኳዩን። ለፖሊስ አመልክቱ። መልእክቱን አታጥፉት፣ ስልክ ቁጥሩ ማስረጃ ነው። ሲም ካርድ በመታወቂያ ስለሚወጣ ፖሊስ ሊጠይቅበት ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንድ ነገር ከገባን ብዙ ማታለል ይከሽፋል። መልእክት ብር አይደለም። መልእክት ወሬ ነው። ብሩ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ማንበብ ሳይሆን ቀሪ ሒሳብን ራስህ መጠየቅ ነው ዋናው።

ለዚህ ደግሞ ተች ስልክ አያስፈልግም። የንግድ ባንክ ሒሳብ ያለው *889#፣ የቴሌብር ደንበኛ *127# ይደውል። ዳታ አይፈልግም፣ ኔትወርክ ብቻ ይበቃዋል። የሌሎቹም ባንኮች የየራሳቸው አጭር ቁጥር አላቸው። አገልግሎቱ ግን አስቀድሞ መከፈት አለበት። ብዙ ገበሬ ደብተር ብቻ ይዞ ስለሚሄድ ይህ አልተከፈተለትም። አንድ ጊዜ ቅርንጫፍ ሄዶ ያስከፍት።

ሌላው፣ ገዥው ስልኩ ላይ የሚያሳየው ደረሰኝ ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ይሠራል። ስሙንም የብሩንም መጠን ቀይረው ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። በደረሰኝ ፎቶ ዕቃ አትልቀቁ።

ሦስት ነገር ልጨምር። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ «ከባንክ ነው» ብሎ ለሚደውልም ቢሆን። ባንክ የሚስጥር ቁጥር ጠይቆ አያውቅም። «በስሕተት ብር ልኬብዎ መልሱልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ ይታይ። ገዥው የገበሬውን ስልክ «እኔ ልይልዎ» ብሎ እንዳይወስድ። እዚያ ላይ ነው ብዙው ጉዳት።

የኢሱዙ ሹፌር

እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር። ከቡሬና ከደምበጫ እህል ጭኜ አዲስ አበባ ስመላለስ 14 ዓመት ሆነኝ።

ድሮ የነጋዴውን ብር ይዘን ነበር የምንመለሰው። ከጎሐ ጽዮን ወርደን ዓባይ በረሃን አቋርጠን ደጀን እስክንወጣ ድረስ ልቤ በአፌ ነበር። ብሩ ከወንበር ሥር ነው፣ ወይ የመፍቻ ሣጥን ውስጥ ነው። በረሃው መሐል ጎማ ቢፈነዳ የሚያስፈራህ ጎማው አይደለም። ረዳቴ ሌሊት ብሩን ታቅፎ ነበር የሚያድረው። ያ ቀርቷል። ዛሬ ኪሴ ውስጥ የሻይ ብር ብቻ ነው። ልጆቼ ይህን አያውቁትም፣ እኔ ግን አልረሳውም።

ስለዚህ ማታለሉን እንጥላ እንጂ ስልኩን አንጥላ።

ቅሬታም አለኝ። በ2015 ነዳጅ በስልክ ብቻ ይከፈል ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ ማደያ ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምን። ብር በእጃችን አለ፣ ነዳጅ በማደያው አለ። መሐሉ ላይ ያለው ኔትወርክ ብቻ ነው የጠፋው። ቲማቲም የጫነ ልጅ ከኋላዬ ነበር። ዕቃው ከሣጥኑ ሥር ጭማቂ ማንጠባጠብ ሲጀምር ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ከሞጣ ነው የምጽፈው። 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ይሰጠው። ማንበብ ለማይችል ሰው የንባብ ዕቃ ሰጥቶ በእሱ ተገበያይ ማለት ፍርድ አይደለም። ብርን ማንም ያውቀዋል። ቀለሙን ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ይቆጥራል። ስልክ ውስጥ ያለውን ብር ግን ሌላ ሰው «አለ» ሲለው አምኖ ነው የሚሄደው። መማር የሚገባው ይማር፣ እስከዚያው ግን ሽማግሌውን ለቀቅ አድርጉት።

የእህል ነጋዴ ልጅ

መምህር፣ አክብሮቴ የላቀ ነው። አባቴም እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው። ግን አንድ ነገር ላስታውስዎ።

መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖት ሲቀየር አባቴ ዘንድ ምን ያህል ሰው እንደመጣ አይቻለሁ። የአሮጌው 10፣ 50 እና 100 ብር መለወጫ ጊዜ ሦስት ወር ነበር። አንዲት እናት ብራቸውን በቅል ውስጥ አድርገው ግርግዳ ሥር ቀብረውት ነበር። እርጥበት ገብቶበት እርስ በርሱ ተጣብቋል። አባቴ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አንድ በአንድ ሲያላቅቅላቸው ዋለ። ግማሹ ተቀደደ። ባንክ ደብተር የሚባል ነገር ያወጡት ያኔ ነው። የእኛ አካባቢ ገበሬ ወደ ባንክ መሄድ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት እችላለሁ።

በዚያው ዓመት ግንቦት 3 ቀን ቴሌብር ተጀመረ። ዛሬ በአገሪቱ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። ከዚህ ወደ ኋላ መመለስ አንችልም። ሐሰተኛ ኖትም እኮ ስንቱን አስለቅሷል። የእኔ ጭንቀት ያ ሦስተኛ ቆጣሪ የት ሄደ ነው። ድሮ ሦስት ሰው ይቆጥር ነበር። አሁን አንድ ሰው ስልክ ይነካል፣ ሌላው ጩኸት ይሰማል።

የእናቴ ጉልት

ሰላም። ደብረ ማርቆስ ነኝ። እናቴ ጉልት ላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ትሸጣለች። ይህን የምጽፈው አጠገቧ ተቀምጬ ነው፣ እሷ ትናገራለች እኔ እጽፋለሁ።

ደንበኞቿ የ30 ብር ቃሪያ ገዝተው «እማማ ስልክሽን ንገሪኝ» ይሏታል። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። አሁን ቁጥሯን በካርቶን ጽፌ ሚዛኑ ላይ ሰቅዬላታለሁ። ዝርዝር ብር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መሮጥ ቀርቶላታል። ማታ እኔ እቆጥርላታለሁ። ጎደለ የምንለው አንዳንዴ ሁለት ሰው ነው።

እሷ ግን ዛሬ መናገር የምትፈልገው ሌላ ነው። ስልኩ ያንቺ ነው ወይ የሚለውን።

የእናቴ ሲም ካርድ በአባቴ መታወቂያ የወጣ ነው። ያኔ እሷ መታወቂያ አልነበራትም። የሞባይል ሒሳቡም በዚያው ቁጥር ተከፈተ። አምና አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄደ። በዚያ ሰሞን የእናቴ ስልክ ገበያ ላይ ተሰረቀ። ሲሙን መልሳ ልታወጣ ስትሄድ «ባለቤቱ ይምጣ» አሏት። ባለቤቱ መተማ ነው። ውስጡ ያለው የእሷ የሦስት ወር ትርፍ ነው። በዚያ ብር ነበር ሽንኩርት የምታስመጣው። አባቴ እስኪመለስ አምስት ሳምንት ከጎረቤት ተበድራ ሠራች።

ሠራተኞቹን አልወቅስም፣ ሕጉን ነው የተከተሉት። እናቴ የምትለው «ብሩ የእኔ ነበር፣ ስሙ ግን የእኔ አልነበረም» ነው። አሁን የፋይዳ መታወቂያ አውጥታለች። ሲሙንም በስሟ አዛውራለች። ጉልት ላይ ያሉ ሴቶችን ሁሉ «ሲምሽ በማን ስም ነው?» እያለች ትጠይቃለች። ከአሥራ አንድ ሴት ሰባቱ በባላቸው ወይም በወንድማቸው ስም ሆኖ ተገኘ። እባካችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁልኝ።

ሌላም ልጨምር፣ እናቴ ጻፊ አለችኝ። ዕቁባቸው ወደ ስልክ ዞሮ ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ በሳምንት 300 ብር። ለዳኛዋ በስልክ ይላክና ዕጣ የወጣላት ይላክላታል። በጣም ቀለለ። እሑድ እሑድ መሰብሰቡም ቀረ። ከዚያ አንዷ አባል ለሦስት ሳምንት ብሯን በሰዓቱ ትልክ ነበር። ለካ ሆስፒታል ተኝታ ኖሮ ልጇ ነው የሚልክላት። ማንም አልጠየቃት። ስትወጣ አለቀሰች፣ እነሱም አለቀሱ። አሁን ብሩ በስልክ ነው፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ግን ቡና አለ። የቀረች ትቀጣለች።

ቆጋ መስኖ

መራዊ ነኝ፣ ሽንኩርት አመርታለሁ። የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ ነውና ሽንኩርት ሲደርስ ሁላችንም አንድ ላይ ነው የምናነሣው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ገበሬው ስልክ ካለው ዋጋ ያውቃል፣ ደላላ ይጠፋል» ይላል። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። አትክልት ተራ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ አለ። ጠዋት እደውልለታለሁ፣ የዕለቱን ዋጋ ይነግረኛል። ቴሌግራም ላይም የዋጋ ቻናሎች አሉ። ዋጋውን ከደላላው እኩል አውቃለሁ ማለት ነው።

ግን ሽንኩርት እንደ ጤፍ አይደለም። ከተነቀለ ቀኑ ይቆጠራል። ዋጋውን አውቄ ምን ላድርግ? መኪናው በደላላው እጅ ነው። ጫኝና አውራጁ እሱን ነው የሚያውቀው። አዲስ አበባ ያለው ተረካቢ የእሱን ስልክ እንጂ የእኔን አያነሣም። ዋጋ ማወቅና ዋጋ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲጀመር ለቡናና ለሰሊጥ ብዙ ነገር ቀየረ፣ ሽንኩርት ግን እዚያ አይገበያይም።

የጠቀመኝንም ልናገር። ዋጋውን ማወቄ ደላላው ድፍን ውሸት እንዳይዋሸኝ አድርጓል። ድሮ ከአዲስ አበባው ዋጋ ግማሹን ቢነግረኝ አምኜ እሸጥ ነበር። ዛሬ «እንዲያማ አይደለም ወንድሜ፣ አሁን ደውዬ ነው የመጣሁት» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ይጨምራል። ትንሽ ነው ግን ይጨምራል።

8028ን የምታውቁት አላችሁ? በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ የገበሬ የስልክ መስመር ነው። ትደውላለህ፣ በአማርኛ ስለ ሰብሉ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ በሽታው ይነግርሃል። ማንበብ አይጠይቅም። አባቴ በዚያ መስመር ነው በመስመር መዝራትን ደጋግሞ የሰማው። ለማያነብ ሰው የሚሆን ነገር ከተፈለገ መንገዱ ይኼ ነው ባይ ነኝ። የሚናገር ስልክ። የባንኩም ቀሪ ሒሳብ እንዲህ በድምፅ ቢነገር የደምበጫው አባት ባልተታለሉ።

ባንክ ቤት ያለሁ

የቆጋው ወንድሜ፣ ይህን ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። በድምፅ ቀሪ ሒሳብ መንገር ይቻላል፣ ከባድ ነገር አይደለም። ለአለቆቼ አቀርበዋለሁ።

ኮምፒውተር ቤት

ቢቸና ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት እሠራለሁ። ከኔ በፊት እዚያው በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ይቀመጡ ነበር። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ወረቀታቸውን በሰሌዳ ላይ ይዘው፣ «ለክቡር» ብለው ይጀምራሉ። እጃቸው የሚያምር ነበር። አሁን ሰው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። የፈተና ውጤት ማየት፣ የሥራ ማመልከቻ መሙላት፣ የፓስፖርት ቀጠሮ ማስያዝ፣ የፋይዳ መታወቂያ ማተም። ሥራው ከራፖር ጸሐፊው አልተለየም። ሰውየው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ልዩነቱ አንድ ነው። ራፖር ጸሐፊው ወረቀቱን ጽፈው ለባለቤቱ ይሰጡታል። እኔ ጋ ግን ይቀራል።

አንድ ሰማያዊ ደብተር አለኝ። ነበረኝ ልበል። ኢሜይል የሌለው ሰው ሲመጣ ኢሜይል እከፍትለታለሁ፣ የይለፍ ቃሉን «አንተ ጋ ይቀመጥልኝ፣ እረሳዋለሁ» ይለኛል። በደብተሩ እጽፈዋለሁ። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል። አንዳንዱ የሞባይል ባንኩን የሚስጥር ቁጥር ሳይቀር ነግሮኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ ደብተሩ ሞላ። የመታወቂያ ኮፒ ደግሞ በማሽኔ ሥር ተከምሯል። የተበላሸ ኮፒ ነው፣ ግን ስሙም ፎቶውም ባለ አሥራ ሁለት አኃዙ የፋይዳ ቁጥርም በደንብ ይነበባል። ስኳር የሚጠቀልልበት ባለ ሱቅ መጥቶ «ወረቀቱን ሽጥልኝ» አለኝ። ልሸጥለት ከመደርደሪያው ሳወርደው አንድ ፊት አየሁ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ደነገጥኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ኮፒዎቹን በሙሉ አቃጠልኳቸው። ደብተሩን ግን ማቃጠል አልቻልኩም፣ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝስ? አንድ ወር ሙሉ ለእያንዳንዱ እየደወልኩ «ና፣ ቃልህን ጽፈህ ውሰድ፣ እኔ ጋ ያለውን በፊትህ እሰርዛለሁ» አልኩ። ያልመጡም ብዙ ናቸው። የእነሱን ገጽ ቀድጄ አሽጌ እቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1321 ነው። እንደ እኔ ያለ ትንሽ ቤት ስለ እሱ የሚያወራ አልሰማሁም። እኛ ግን ነን የአገሩን ሰው መረጃ በእጃችን የያዝነው። በየወረዳው ከተማ እንደ እኔ ያለ ቤት አለ። ሥራው ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ደብተራችሁን ዛሬ ክፈቱና እዩት።

ጡረተኛው መምህር

የቢቸናው ልጅ፣ ያደረግኸው ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዬ ብትሆን ኖሮ እኮራብህ ነበር። እግዚአብሔር ይባርክህ።

የመንቆረር ልጅ

እኔ የዲዛይን ሥራ ነው የምሠራው። ከማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ከዚያ በስልኬና በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ሎጎና ማስታወቂያ መሥራት ጀመርኩ። ሥራው በቴሌግራም ይመጣል፣ በቴሌግራም ይሄዳል፣ ክፍያው በባንክ ይገባል። እናቴ «ይህ ልጅ ሥራ አለው ወይስ የለውም?» እያለች ጎረቤት ታማክር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የቤታችንን ቆርቆሮ ስቀይር ጥያቄው ቆመ።

ከዚያ በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን አልነበረም። በአንዳንድ ቦታ የስልክ ጥሪውም ይቆራረጥ ነበር። መጀመሪያ ብሮድባንድ ያላቸውን ቦታዎች ፈልጌ ለሰዓት እየከፈልኩ ሠራሁ። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ለመላክ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለቱ ደንበኞቼ «አንተን ማግኘት አልቻልንም» ብለው ለሌላ ሰጡ። አልፈርድባቸውም። አሁን አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። የማገኘው ግማሹ ለኪራይ ይሄዳል። ሥራዬ ከየትም ሆኖ የሚሠራ ነው ተብዬ ነበር የጀመርኩት።

«በዲጂታል ወጣቱ ባለበት ሥራ ያገኛል» ሲባል ስሰማ እውነት ነው እላለሁ፣ አግኝቼ አይቻለሁ። መስመሩ ከተቆረጠ ግን እህል ነጋዴው ወደ ጥሬ ብሩ ይመለሳል፣ ጉልት ሻጯም እንደዚሁ። እኔ የምመለስበት የለኝም። ይህን የሚወስኑ ሰዎች የእኔ ዓይነቱን ሰው ያዩት አይመስለኝም።

የኢሱዙ ሹፌር

እውነትህን ነው። በዚያ ጊዜ አፑ ሁሉ ሲሞት በአጭር ቁጥሩ ነው የተረፍነው። *127# ባይኖር መኪናዬ ቆማ ነበር የምትከርመው። ስለዚህ አዲስ ነገር የሚሠሩ ልጆች ካላችሁ እዚህ፣ አፕ ብቻ አትሥሩ። ያለ ዳታ የሚሠራም ይኑረው።

የአብነት ተማሪ

አንድ ትንሽ ነገር ከእኛ ሰፈር። ቅኔ ቤት ነኝ፣ ጎንጅ። እኛም ጋ ስልክ ገብቷል። የየኔታን የግስ ትምህርት እንቀዳለን፣ ሌሊት ደግመን እንሰማለን፣ ይጠቅማል። ለመጽሐፍ አቅም የሌለው ልጅ መጽሐፉን በስልክ ያነባል። ቅኔ ዘረፋ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ማቅረብ ላይ ግን አይሠራም። የትናንት ቅኔ ለዛሬ አይሆንማ፣ በየቀኑ አዲስ ቅኔ መቁጠር፣ አስቦ ማዘጋጀት ማለት ነው፣ ግድ ነው። የኔታ የተቀዳ ቅኔ የሚያሰማ ተማሪ ሲመጣ «ይህንስ ስልክህ ተቀኘ፣ አንተስ?» ይሉታል። እንደገና ወደ ዛፉ ሥር ይሄዳል።

ይቅርታ፣ ከርእሱ ወጣሁ።

የእህል ነጋዴ ልጅ

አልወጣህም፣ ደስ ብሎኛል።

ወገኖች፣ ሳምንት ሙሉ ያላችሁትን ለአባቴ ማታ ማታ ሳነብለት ነበር። ሰማያዊውን ደብተር ሳነብለት አስቁሞኝ «ድገመው» አለኝ። የእኛም መጋዘን ውስጥ የገበሬዎች የሒሳብ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ግርግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። በማግሥቱ አነሣው።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ባንክ ቤት ያለው ወንድማችን ባለው መሠረት አባቴ ከሌሎች አራት እህል ገዥዎች ጋር ተነጋገረ። ተስማሙ። ገበሬው ቀሪ ሒሳቡን በራሱ ስልክ ሳያይ ጆንያ አይነሣም። ጫኞቹም ተነገራቸው። እንዲያውም አጥብቀው የያዙት እነሱ ናቸው። «አባቴ አዩት?» ሳይሉ ትከሻቸውን አይሰጡም።

ለማያነቡት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች በገበያ ቀን ከመጋዘኖቹ መሐል ይቀመጣሉ። ወንበርና ጥላ አዘጋጅተንላቸዋል። ምሳና ትንሽ ብር እኛ አምስታችን እንከፍላለን። ሥራቸው ማንበብ ብቻ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ገበሬው ራሱ ይነካል፣ ልጆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከዚያ ድሮ የነበረውንና አሁን ያለውን ቁጥር ጮክ ብለው ያነባሉ። መምህር፣ የጠፋው ሦስተኛ ቆጣሪ በዚህ የተመለሰ መሰለኝ።

የተታለሉት አባት ጉዳይ ፖሊስ ዘንድ ነው። እስካሁን የተያዘ ሰው የለም። አባቴ በዱቤ የዘር ስንዴ ሰጥቷቸዋል።

ባንክ ቤት ያለሁ

በጣም ጥሩ። አንድ ጥያቄ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ኔትወርክ ከሌለ ቀሪ ሒሳብ አይታይም።

የእህል ነጋዴ ልጅ

ገጠመን እኮ። በዚህ ሳምንት ገበያ ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ኔትወርክ ጠፋ። አባቴ የያዘው ጥሬ ብር ለሦስት ሰው ብቻ በቃ። ሌሎቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። አንዱ ገበሬ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሊመሽበት ሆነ። «ነገ እልክልሃለሁ፣ ታውቀኛለህ» አለው አባቴ። ሰውየው አባቴን አየው፣ ስልኩን አየው። «አውቅሃለሁ፣ ግን ልጆቹ ጫን አላሉኝም» አለና ጤፉን መልሶ አህያው ላይ ጫነ።

አባቴ ራሱ ገመዱን አብሮ አሰረለት።